የመስክ ሞተር ሳይክልን ከቤንዚን ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር፦ ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር መንገድ የትኛው ይሻላል?

ፒስተኑ የነከሰ ያማሃ ዲቲ ወይም ሆንዳ ኤክስኤል ሸራ ለብሶ በግቢ ጥግ የቆመበት ቤት ባሕር ዳር ውስጥ አይጠፋም። ቻሲው ደህና ነው፣ አሞርዛተሩ ደህና ነው፤ የጠፋው የሞተር መለዋወጫ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር ይቻላል። ምርጫው ግን ብዙ ነው፤ ስህተቱ የሚታወቀው ደግሞ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ጭቃ ውስጥ ነው።

ግራ እንዳያጋባ፣ ከዚህ በታች ቤንዚን የሚበላውን «ሞተር»፣ በመብራት የሚዞረውን «ዲናሞ» እንላለን።

ከዲናሞው በፊት ርቀቱ

ብዙ ሰው የሚጀምረው «ስንት ኪሎዋት ልግዛ?» ብሎ ነው። መጀመር ያለበት ከባትሪው ነው፤ የባትሪው መጠን የሚወጣው ደግሞ በቀን ከምትሄዱት መንገድ ነው። 125 ሲሲ የሚያህል ሞተር ሳይክል ተቀይሮ አንድ ሰው ጭኖ አስፋልት ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በኪሎ ሜትር ከ35 እስከ 45 ዋት ሰዓት ይበላል። ፒስታ ላይ ሁለት ሰው ሲጭን 50 እና 60 ይገባል። መረሬ ጭቃ ውስጥ ጎማው ቦታው ላይ እየዞረ ሲጓዝ ከዚያም ያልፋል።

ጢስ ዓባይን እንውሰድ። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 60። በኪሎ ሜትር 50 ዋት ሰዓት ብንይዝ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ባትሪን እስከ ጠብታ ማራገፍ ስለማይገባ 80 በመቶውን ብቻ እንጠቀማለን ብለን ስናካፍል 3.75 ይመጣል። ባለ 24 ሴል፣ 50 አምፔር ሰዓት የሆነ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ (ከዚህ በኋላ «ሊቲየም ፎስፌት» ወይም «ፎስፌት» እንለዋለን) 3.84 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ልክ በቃ ማለት ነው፤ መንገድ ላይ ዞር ዞር ለማለት ግን አይተርፍም። ጢስ ዓባይ የውሃ ኃይል ማመንጫ ያለበት ቦታ ነው፤ ቻርጀር ይዞ ያልሄደ ሰው ግን ከማመንጫው አጠገብም ቆሞ ሊቀር ይችላል።

ሥራችሁ ከተማ ውስጥ ብቻ ከሆነና በቀን ከ25 ኪሎ ሜትር ካልበለጠ ግማሹ ባትሪ ለርቀቱ ይበቃል። ሆኖም ትንሽ ባትሪ ትንሽ አምፔር ነው የሚሰጠው። የ20 አምፔር ሰዓት ሴል ከ60 አምፔር በላይ ሲጠየቅ ቮልቱ ይወርዳል፣ ይሞቃል፣ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ትንሽ ባትሪ የገዛ ሰው የዳገት ጉልበቱንም አብሮ እንደቀነሰ ይወቅ።

በሌላው ጫፍ፣ ወረታ ደርሶ በዚያው ቀን የሚመለስ ወይም ጎንደር የሚመላለስ ሰው አሁን ባለው ባትሪ መቀየር የለበትም። ወረታ ደርሶ መልስ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለዚያ የሚበቃ ባትሪ ወደ 70 ኪሎ ይመዝናል፣ የመስክ ሞተር ሳይክል ቻሲ ውስጥም ቦታ የለውም። ቤንዚን ላይ ይቆይ። በደንብ የሚሠራ ሞተር ማውጣትም አንመክርም፤ መጀመሪያ ሸጠው ሞተሩ የሞተ ቻሲ ቢገዙ ያዋጣል።

ዲናሞው የት ይቀመጥ?

ሦስት መንገድ አለ፦ የኋላ ጎማ እምብርት ውስጥ፣ የድሮው ሞተር ቦታ ላይ፣ ወይም ካምቢዮውን ሳይነኩ ከላዩ ላይ።

ሦስተኛውን ቶሎ እንለፈው። ፒስተኑንና ሲሊንደሩን አውጥቶ ዲናሞውን ከድሮው ካምቢዮ ጋር ማገናኘት ማርሽ መቀየርን እንደነበረ ስለሚያቆይ ሰው ይወደዋል። ግን ዲናሞ ከዜሮ ዙር ጀምሮ ሙሉ ጉልበት ስላለው አምስት ማርሽ አያስፈልገውም። ካምቢዮው ዘይት ይፈልጋል፣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ጉልበት ይበላል፣ ክብደቱም እዚያው ይቀራል። ቶርኖ ቤት የምታወጡት ገንዘብ ብቻውን ከአማራጭ ሁለት መጫኛ ይበልጣል።

የእምብርት ዲናሞ ቀላሉ ነው። ካቴና የለም፣ ፒኞን (የፊት ጥርስ) የለም፣ ቻሲው ላይ ብየዳ የለም፤ መሃሉ በሙሉ ለባትሪ ይተርፋል። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ስለሆነች ዲናሞውን በራጂ ከቸርኬ ጋር የሚያስር እጅ አይጠፋም። ራጂው ግን የብስክሌት ሳይሆን የሞተር ሳይክል ውፍረት ያለው፣ ለአዲሱ እምብርት በልኩ የተቆረጠ መሆን አለበት። ለአስፋልትና ለኮብልስቶን ይህ በቂ ነው።

ለመስክ መንገድ ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው ክብደቱ ነው። ከ12 እስከ 20 ኪሎ የሚመዝን ብረት ከአሞርዛተሩ በታች ይሆናል። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ አሞርዛተሩ አይረዳውም፤ ምቱን የሚቀበሉት ራጂው፣ ኩሽኔታውና ቸርኬው ናቸው። ሁለተኛውና ዋናው ዳገት ነው።

በቁጥር እንየው። ሞተር ሳይክሉ 115 ኪሎ፣ ሁለት ሰዎች 135 ኪሎ፣ በጠቅላላ 250 ኪሎ። መንገዱ ፒስታ፣ ዳገቱ 15 በመቶ። ለመውጣት ጎማው መሬቱን በ440 ኒውተን ገደማ መግፋት አለበት። የጎማው ሬዲየስ 32.5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ይህ በጎማው ላይ 143 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ጉልበት ነው። የእምብርት ዲናሞ ይህን ሁሉ ራሱ ማውጣት አለበት፤ የሚያግዘው ጥርስ የለም። ከዚያ ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲወጣ ከሙሉ ዙሩ ሲሶውን ያህል ብቻ እየዞረ ነው፤ በዝቅተኛ ዙር ብዙ አምፔር ሲገባ ደግሞ ብዙ ኃይል ወደ ሙቀት ይሄዳል። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ አንድ ጊዜ ይወጣል። ሁለት ሰው ጭኖ ደጋግሞ ሲወጣ ግን መጀመሪያ የሆል ሴንሰሮቹ (ዲናሞው የት እንደደረሰ የሚለዩት)፣ ቀጥሎ የሽቦው ቫርኒሽ (መከላከያ ሽፋኑ) ይቃጠላል። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታውን አንዴ ያሸተተ አይረሳውም።

አሁን ያንኑ ዳገት ዲናሞው መሃል ላይ ሆኖ እንየው። አጠቃላይ የጥርስ ምጥኔው 6.2 ከሆነ፣ ማለትም ጎማው አንዴ ሲዞር ዲናሞው 6.2 ጊዜ የሚዞር ከሆነ፣ ከዲናሞው የሚጠየቀው 23 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ ብክነቱን ቢጨምሩት 25። ዙሩም ከፍ ስለሚል አይጨነቅም። ጎማው ላይ 3 ኪሎዋት፣ ከባትሪው 3.8 ኪሎዋት፣ ማለትም በ72 ቮልት 53 አምፔር ገደማ ይወስዳል። 3 ኪሎዋት የተጻፈበት ዲናሞ ለአጭር ጊዜ ከእጥፉ በላይ ስለሚሰጥ ይህ ቀላሉ ነው።

«125ቱ እኮ 9 ኪሎዋት ነበር» የሚል ካለ፣ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን ያስታውስ። ካርቡራተር ያለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ እዚህ ሲደርስ ወደ አንድ አምስተኛው የለም። ዲናሞ አየር ስለማይስብ ከፍታው አይነካውም።

6.2 ከየት መጣ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሥራ የሚበላሸው። 4.10-18 ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 2.04 ሜትር ይሄዳል። ዲናሞው በጭነት 4,000 ዙር በደቂቃ ይዞራል እንበል። ከፊት 12 ጥርስ፣ ከኋላ 50 ጥርስ ብታደርጉ ምጥኔው 4.17 ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ በሰዓት 117 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ወረቀት ላይ ያምራል፤ ዳገት ላይ ግን ከዲናሞው የሚጠየቀው ጉልበት በግማሽ ያህል ይጨምራል። በአንድ ካቴና ብቻ 6.2 ለማምጣት 74 ጥርስ ያለው ኮሮና (የኋላ ጥርስ) ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ድንጋይና ጭቃ እየላሰ ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ውስጡ ማርሽ ያለውን ዲናሞ ምረጡ። ኪውኤስ 138 በሚባሉት የቻይና ዲናሞዎች ውስጥ 70ኤች 3 ኪሎዋት፣ 90ኤች 4 ኪሎዋት የተጻፈባቸው ናቸው፤ ውስጣቸው 2.35 ለ1 የሚቀንስ ማርሽ ያለባቸውም አሉ። ከፊት 14፣ ከኋላ 37 ስታደርጉ 2.64 ነው፤ በ2.35 ሲባዛ 6.2። ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 79 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለዚህ አገር መንገድ ከዚህ በላይ የሚፈልግ ሰው የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው።

ባትሪ፦ ሦስቱን ስናነጻጽር

እርሳስ ባትሪ በየሱቁ አለ፣ ርካሽ ነው። ስድስት ባለ 12 ቮልት 20 አምፔር ሰዓት ሲደረደሩ 72 ቮልት ይሆናሉ፤ ወደ 40 ኪሎ ይመዝናሉ። ወረቀቱ ላይ 1.44 ኪሎዋት ሰዓት ይላል፤ ብዙ አምፔር ሲሳብ ግን ከግማሹ ብዙም ያልበለጠ ነው የሚሰጠው። ስታሰሉት 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለመሞከሪያ ካልሆነ አይረባም።

ኤንኤምሲ (ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት የሊቲየም ባትሪ) በክብደት ቀላሉ ነው፦ ባለ 20 ሴል 72 ቮልት 40 አምፔር ሰዓት ከ20 ኪሎ አይበልጥም። ተበላሽቶ ከተቀጣጠለ ግን እሳቱ በቀላሉ አይጠፋም፤ ሌሊት ሰው በተኛበት ክፍል የሚሞላ ባትሪ ይህ ባይሆን ይመረጣል።

ሊቲየም ፎስፌት ይከብዳል፤ 3.84 ኪሎዋት ሰዓቱ ከነሳጥኑ 35 ኪሎ ገደማ ነው። የሚወጣው ሞተር፣ ማርሚታና ሰልባቲዮ ግን ከዚያ የማያንስ ስለሆነ ሚዛኑ ብዙ አይዛባም። ሙቀት ይችላል፣ ዕድሜው ይረዝማል። እኛ የምንመርጠው ይህን ነው።

ሲገዙት ሦስት ነገር ያታልላል። የመጀመሪያው የሴል ቁጥር ነው። ባለ 20 ሴል ፎስፌት 64 ቮልት ሆኖ ሳለ ሞልቶ 73 ስለሚያሳይ «72 ቮልት» ተብሎ ይሸጣል። ትክክለኛው ባለ 24 ሴል ሞልቶ 87.6 ነው። ሴሉን ቆጥራችሁ ግዙ፤ ኮንትሮለሩም (ከባትሪው ወደ ዲናሞው የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን) ቢያንስ 90 ቮልት የሚችል መሆኑን አረጋግጡ።

ሁለተኛው የሶላር ሴል ነው። ለቤት መብራት የተሠራ ሴል በቀስታ እንዲሰጥ የታሰበ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ሞልቶ ያረፈ ባለ 24 ሴል ባትሪ 80 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 100 አምፔር ሲሳብበት ከ72 በታች ከወረደ ወይም አንዱ ሴል ብቻውን ከ2.8 ቮልት በታች ከገባ አትውሰዱት።

ሦስተኛው ቻርጀሩ ነው፤ ይህ እሳት ያስነሳል። የኤንኤምሲው 84 ቮልት ቻርጀር ፎስፌቱ ላይ ቢሰካ ብዙ ጉዳት የለውም። የፎስፌቱ 87.6 ቮልት ቻርጀር ባለ 20 ሴል ኤንኤምሲ ላይ ቢሰካ ግን እያንዳንዱን ሴል ወደ 4.38 ቮልት ይገፋዋል፤ ጣሪያው 4.2 ነው። ቢኤምኤሱ (በባትሪው ውስጥ ሴሎቹን የሚጠብቀው ሰርኪት) ያቆመዋል ብሎ መተማመን ልክ አይደለም። ቻርጀሩ ላይ በማይጠፋ ቀለም ጻፉበት።

ባለ 10 አምፔር ቻርጀር ባዶውን ባትሪ በ5 ሰዓት ይሞላል፤ ከግድግዳው 1 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ይህ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚስበው ከሲሶው ያነሰ ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት በአንድ መስመር ላይ ግን አትሰኩት፤ ቮልቱ ሲወርድ ርካሽ ቻርጀር ይቆራረጣል። ወጪውን ለማነጻጸር፦ 60 ኪሎ ሜትር በቤንዚን ከ1.5 እስከ 1.8 ሊትር፣ በመብራት 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። የዕለቱን ዋጋ አባዝታችሁ ራሳችሁ ፍረዱ።

ሥራው፣ ከነሚበላሽበት ቦታ

ሞተሩን ከማውጣታችሁ በፊት ቻሲውን እዩ። ከሞተሩ በታች የሚያልፍ ቱቦ የሌለው ቻሲ ሞተሩን ራሱን እንደ አጥንት ይጠቀምበታል። ቡሎኖቹን ፈትታችሁ ብታወጡት ይከፈታል። የሞተር መያዣ ቀዳዳዎችን ርቀት ለክታችሁ ጻፉ፣ ጊዜያዊ አንጎላሬ በየዱበት፣ ከዚያ አውጡ።

የዲናሞው መያዣ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር ብረት ወይም 10 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ይሁን። ከላሜራ ተሠርቶ ጉልበት ሲመጣ የሚታጠፍ መያዣ ካቴና ያስወጣል። ፒኞኑ የኋላ ሹካው ለሚታጠፍበት ነጥብ በተቻለ መጠን ይቅረብ፤ ከራቀ አሞርዛተሩ ሲወርድ ካቴናው ይወጠራል፣ ሲነሳ ይላላል። የፊትና የኋላ ጥርስ በአንድ መስመር ላይ በ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ውስጥ መሆን አለባቸው። ረጅም ቀጥ ያለ ብረት አስደግፋችሁ እዩ። የካቴናው ልቀት ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ መረሬ ሲሞላበት ስለሚወጠር ለክረምት ወደ 35 አድርጉት።

የእምብርት ዲናሞ የመረጠ ሰው መያዣ ባያስፈልገውም ፔርኖውን እንዳይዞር የሚይዝ ብረት ከሹካው ጋር በሁለቱም በኩል ማሰር አለበት። ዳዶ ብቻውን አይበቃም፤ ፔርኖው አንድ ጊዜ ከዞረ በውስጡ የሚያልፈውን ኬብል ጠምዝዞ ይበጥሰዋል።

ኬብሉ 25 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ይሁን፤ ኬብል ላጉ (የኬብሉ ጫፍ ማሰሪያ ብረት) በፕሬስ ይጨመቅ። በመዶሻ የተደበደበ ላግ ሞቆ ፕላስቲኩን ያቀልጣል። ኮንትሮለሩን ባትሪ ላይ 100 አምፔር ብትገድቡት 7 ኪሎዋት ይሆናል፤ ቢኤምኤሱ 150 አምፔር ያለማቋረጥ የሚችል፣ ፊውዙም 150 ይሁን። ፊውዙ ላይ «ዲሲ» እና ቢያንስ 100 ቮልት መጻፉን እዩ። የቤት ብሬከር አታስገቡ፦ የቤት መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚሆን ብልጭታው ራሱ ይጠፋል፣ የባትሪ መብራት ግን አይቋረጥም፤ ብሬከሩ ውስጥ እየነደደ ይቀጥላል።

ባትሪውን መጀመሪያ ስታገናኙ ጠንካራ ብልጭታ የሚያወጣው የኮንትሮለሩ ካፓሲተር ነው። በየቀኑ እንዲህ ከሆነ የኮንታክተሩ (ባትሪውን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ዋና ማብሪያ) ጥርስ ተበልቶ ይጣበቃል፤ የተጣበቀ ኮንታክተር ደግሞ ቁልፍ ብትዘጉም አይጠፋም። 220 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር በማብሪያ ማጥፊያ አድርጋችሁ ለ2 ሰከንድ አስቀድሙ፣ ከዚያ ዋናው ኮንታክተር ይገናኝ። ለመብራትና ለክላክስ ከ72 ወደ 12 ቮልት የሚቀይር ባለ 10 አምፔር መቀየሪያ ይበቃል።

ኮንትሮለሩ የዲናሞውን ሽቦ ቅደም ተከተል «እንዲማር» ስታደርጉ የኋላ ጎማው ከመሬት ከፍ ይበል፣ ማንም ከኋላ አይቁም። ከተማረ በኋላ ዲናሞው የሚጮህ፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ያለ ጭነት ብዙ አምፔር የሚስብ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ተሳስቷል፤ ጋዝ ሰጥታችሁ አታባብሉት። የጋዝ መስጫው ሽቦ ሲላላ ጋዙ በራሱ ሊከፈት ስለሚችል የፍሬን ማቋረጫውን ሁለቱም እጀታ ላይ አስገቡ።

ባትሪ ሳጥኑን በሲሊኮን ድፍን አድርጎ መዝጋት የተለመደ ስህተት ነው። በጣና ዳር እርጥብ አየር ውስጡ ገብቶ ሌሊት ጤዛ ይሆናል፤ መውጫ ያጣል። ከታች አንድ ትንሽ ቀዳዳ ወደ ታች በሚያይ ቱቦ ተዉ። ኬብሎች ከመግቢያቸው በፊት ወደ ታች ዞረው ይምጡ፤ ውሃው ከዚያ ይንጠባጠባል። ላቫጆ ስትወስዱት የግፊቱን ውሃ ከዲናሞው ኬብል መውጫና ከኮንትሮለሩ ማገናኛ አርቁ። ወንዝ ሲሻገሩ ሞቆ የነበረ ዲናሞ ድንገት ሲቀዘቅዝ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ አሳርፋችሁ ግቡ።

ወረቀቱ

ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥርና የቻሲ ቁጥር አለ። ሞተሩ ሲወጣ አንዱ ቁጥር ጠፋ ማለት ነው፤ ለቦሎ ስትቀርቡም፣ ለኢንሹራንስም ጥያቄ ይመጣል። ብረት ከመቁረጣችሁ በፊት ሊብሬውን ይዛችሁ ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ፤ የወጣውን ሞተር ጉዳዩ ሳያልቅ ለብረት ነጋዴ አትሽጡ። ይህ ጣጣ የማይመቸው ሰው ከፋብሪካው በኤሌክትሪክ የመጣ ሞተር ሳይክል ቢገዛ ይሻለዋል። አብዛኞቹ ግን ለአስፋልት የተሠሩ፣ የእምብርት ዲናሞ ያላቸው፣ ሆዳቸው ለመሬት የቀረበ መሆናቸውን አይቶ ይግዛ።

ለማን የትኛው

ከተማ ውስጥ ለሚመላለስ፦ 3 ኪሎዋት የእምብርት ዲናሞ ከ30 አምፔር ሰዓት ፎስፌት ጋር። ወደ ዘጌ፣ ወደ ጢስ ዓባይ ወይም ወደ ሀሙሲት ለሚወጣ የመስክ ሠራተኛ፦ መሃል ላይ የሚቀመጥ ባለ ማርሽ ዲናሞ፣ 50 አምፔር ሰዓት ፎስፌት፣ እና ቢሮ ውስጥ የሚቀመጥ ሁለተኛ ቻርጀር። ዘጌ ላይ በቡናው ጫካ ውስጥ የሚሄደው ሰውም አህያም ኤሌክትሪኩን አይሰማውም፤ ክላክሱ ደህና ይሁን።

ለመጀመሪያ ቀን ሙሉ ባትሪ ይዛችሁ ቁልቁለት አትጀምሩ። ጋዝ ሲለቀቅ ወደ ባትሪ የሚመልሰው ፍሬን በሙሉ ባትሪ ላይ የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ቢኤምኤሱ ይቆርጠዋል፤ በዚያው ቅጽበት ከኋላ ይዟችሁ የነበረው ኃይል ይጠፋል። ከቤዛዊት አናት የሚወርድ ሰው ባትሪው ከ90 በመቶ በታች ይሁን፣ የሜካኒካል ፍሬኑም አዲስ ሸራ ይግባለት።